ክልል ለተሻገረ ብድር የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጓደኛዬ ስልክ ማንሳት ያቆመው በ2016 ዓ.ም. ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያነሳ ነበር። ያነሳና «ለመስቀል» ይላል፤ መስቀል ሲያልፍ «ለገና»፣ ገና ሲያልፍ «ለፋሲካ»። በዓል ስንቆጥር ከሁለት ዓመት በላይ ሄደ። እሱ የሚኖረው አዳማ ነው፣ እኔ ደብረ ብርሃን። ያበደርኩት 60,000 ብር ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ስለሆንን በመካከላችን ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረም። ገንዘቡን በሰጠሁት ቀን «እንፈራረም» ብዬው ቢሆን ኖሮ ከእሱ ይልቅ የማፍረው እኔ ነበርኩ።

ገንዘቡን ለማስመለስ ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ግን አዛብቼዋለሁ። መጀመሪያ ሽማግሌ ላክኩ፣ ከዚያ ጠበቃ አማከርኩ፣ ወረቀት ትዝ ያለኝ በመጨረሻ ነው። እኔ ያባከንኩትን ጊዜ ሌላ ሰው እንዳያባክነው፣ በሌላ ክልል ከሚኖር ጓደኛ ያበደሩትን ለማስመለስ ያሉትን መንገዶች እያነጻጸርኩ እጽፋለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸውን አንቀጾች ጠበቃው ካሳየኝ በኋላ ራሴ ቁጭ ብዬ አንብቤያቸዋለሁ፤ ገንዘቡ ትልቅ ለሆነበት ሰው ግን ያለ ጠበቃ ምክር እርምጃ መጀመር አይመከርም።

ከመንገዶቹ ሁሉ በፊት፦ ምን ማስረጃ አለ?

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 2472 ስለ ብድር ማስረጃ የሚለው ቁርጥ ያለ ነው፦ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ሊረጋገጥ የሚችለው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ መሐላ ብቻ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለዓመት በዓል ዶሮ እንኳን የማይበቃ ሆኗል፤ አንቀጹ ግን ቁጥሩን እንደያዘ አለ። ስለዚህ በጓደኛሞች መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ደንብ ሥር ይወድቃል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው ከባድ ነገር ነው። እኛ የምናምነው ምስክር ነው። «ብሩን ስቆጥርለት እገሌም እገሌም ነበሩ» ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። እነ እገሌ ግን ለ60,000 ብር ብድር በቃላቸው ብቻ ሊያስረዱ አይችሉም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

የባንክ ደረሰኝስ? እኔም ገንዘቡን የላክሁት በባንክ ስለነበር ደረሰኙን እንደ ጋሻ ይዤው ነበር። ጠበቃው አገላብጦ አየውና «ይህ ገንዘብ መሄዱን ይናገራል፤ ለምን እንደሄደ አይናገርም» አለኝ። ስጦታ ሊሆን ይችላል፣ የዕቃ ዋጋ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ራሴ የነበረብኝን ዕዳ ስከፍል ሊሆን ይችላል። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ገንዘብ ስንልክ «ምክንያት» የምትል አንዲት ቦታ አለች፤ አብዛኞቻችን ባዶ እናልፋታለን ወይም ነጥብ አስቀምጠን እናልፋለን። «ብድር» ብሎ መጻፍ አምስት ሰከንድ ይፈጃል። እኔ ነጥብ ነበር ያስቀመጥኩት።

እንግዲህ ወረቀት የሌለው ሰው የመጀመሪያ ሥራው ብሩን መጠየቅ ሳይሆን ዕዳው መኖሩን በጽሑፍ እንዲታመንለት ማድረግ ነው። እዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ፣ ቁጥር 1205፣ ይረዳል፤ የኤሌክትሮኒክ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለዚህ በቁጣ አሥር ጊዜ ከመደወል አንድ ረጋ ያለ መልእክት ይበልጣል። እኔ ዘግይቼ የላክሁት ይህን ነበር፦ «ወንድሜ፣ በመስከረም 2014 ያበደርኩህን 60,000 ብር በአንድ ጊዜ መክፈል እንደከበደህ ገብቶኛል። በየወሩ ስንት ቢሆን ይመችሃል?» መልሱ ሁለት ቀን ቆይቶ መጣ፦ «እውነትህን ነው፣ ስድሳውን ቀስ እያልኩ ልክፈልህ፤ በወር 2,500 እሞክራለሁ።» ስልክ ላይ ሁለት ዓመት ያላገኘሁትን ነገር በአንድ መስመር አገኘሁ፤ መጠኑን ጠቅሷል፣ ዕዳ መሆኑን አምኗል። ይህ ተንኮል ነው የሚሉኝ ሰዎች አጋጥመውኛል። በሐሰት የተጠየቀ ነገር የለም፤ ያለውን አለ ነው ያሰኘሁት። መልእክቱን ከነቀኑና ከነስልክ ቁጥሩ ማስቀመጥ፣ ስልክ ሲቀየርም እንዳይጠፋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከመልእክቱ የተሻለው ግን የተፈረመ የዕዳ ማመኛ ነው። የሁለቱ ሙሉ ስም፣ ገንዘቡ በአኃዝና በፊደል፣ የተሰጠበት ቀን፣ የሚመለስበት ቀን፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። በዚህ ላይ ሰዎች የማያስገቧትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ፦ «ክፍያው የሚፈጸመው ደብረ ብርሃን ከተማ ነው።» ለምን እንደሆነ ወደ ፍርድ ቤቱ ጉዳይ ስንደርስ ይገባችኋል። ወለድ ማስገባት የሚፈልግ ካለ የሕጉ ጣሪያ በዓመት 12 በመቶ ነው፤ ከ9 በመቶ በላይ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት። በጓደኛ መካከል ወለድ መጻፍ እኔ አልወደውም፤ ሕግ ግን አይከለክልም።

የጊዜ ጉዳይ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። በመሠረቱ የውል ጥያቄ በይርጋ፣ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው በማለፉ፣ የሚታገደው በ10 ዓመት ነው። ተበዳሪው ዕዳውን ሲያምን ወይም በከፊል ሲከፍል ደግሞ ቆጠራው ተቋርጦ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ «ሦስት ዓመት አለፈ፣ አበቃልኝ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ያለ ምክንያት ነው የሚቆርጠው።

ሦስቱ መልሶች

የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስነው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ጓደኛ የሚሰጠው መልስ ነው። መልሱ ከሦስት አያልፍም፦ «የለኝም»፣ «አልሰጥም»፣ «አልተበደርኩም»።

«የለኝም» የሚለውን ሰው ፍርድ ቤት መውሰድ በባዶ ጎተራ ላይ መቆለፊያ መግዛት ነው። እሱ የሚያስፈልገው ጊዜና የክፍያ ስምምነት ነው። «አልሰጥም» የሚለው ሰው ገንዘብ አለው፤ በቃላት ባይናገረውም ስልክ ባለማንሳቱ ይነግራችኋል። ለእሱ ሽማግሌ፣ ካልሆነም ክስ። «አልተበደርኩም» ያለ ሰው ጋር ግን ሽማግሌ መላክ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ወረቀት ካለ ወዲያውኑ ወደ ክስ፣ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ክስ ከመጀመር በፊት ጠበቃ ጋር ቁጭ ብሎ መሐላውን ጨምሮ ምን እንደቀረ ማየት። ችግሩ ብዙ ጊዜ አንደኛውን ከሁለተኛው መለየት ላይ ነው። የእኔ ጓደኛ አንደኛው ነበር፤ እኔ ሁለተኛው መስሎኝ ነው የተጣደፍኩት።

ሽማግሌ፦ የት ያለ ሽማግሌ?

በሰሜን ሸዋ ይህ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ከሠመረ ጓደኝነቱንም ያተርፋል። ክልል ለተሻገረ ሰው ግን ጥያቄው ሽማግሌ መላክ አለመላክ አይደለም፤ የት ያለውን ሽማግሌ የሚለው ነው። ሦስት ምርጫ አለ፦ ቤተሰቦቹ ያሉበት አገር ቤት፣ እኔ ያለሁበት ከተማ፣ እሱ አሁን የሚኖርበት ከተማ።

እኔ የመረጥኩት አገር ቤትን ነበር። የጓደኛዬ አባት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ሄድኩ። ብርዱ ለጉድ ነው፤ አዛውንቱ በርኖሳቸውን ደርበው እሳት ዳር አስቀመጡን፣ ጠላ ቀዱልን። ነገሩን ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ የበላውን እኔ እከፍላለሁ» አሉና በጎቹን ሊያስቆጥሩን ተነሱ። አብረውኝ የሄዱት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። እኔ «የለም አባባ፣ እርስዎን አይደለም የጠየቅነው» ብዬ ተማጽኜ አስቀመጥኳቸው። ያን ቀን ከ60,000ው ብር አንድም አላስመለስኩም፤ የአንድን አዛውንት እንቅልፍ ግን ወሰድኩ። ጓደኛዬም ሲሰማ ስልኩን ጭራሽ ዘጋ፤ ዕዳው በአንድ ቀን ወደ ቂም ተለወጠ።

በሕግም ቢሆን አባት ዋስ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ለደረሰ ልጁ ዕዳ ተጠያቂ አይደለም። የገጠር መሬት ደግሞ በዕዳ አይሸጥም። ስለዚህ ወላጅ ዘንድ መሄድ ኀፍረትን እንደ መሣሪያ መጠቀም ነው፤ የሚያርፈውም ዕዳ በሌለበት ሰው ላይ ነው። እኔ ዳግም አላደርገውም።

በእኔ ከተማ ያሉ ሽማግሌዎችስ? እነሱ እኔን ያውቃሉ፣ እሱን ግን አያገኙትም። በስልክ የሚደረግ ሽምግልና ደግሞ ፊት ስለማይታይበት ግማሽ ኃይሉን ያጣል። በመጨረሻ የሠራልኝ ሦስተኛው ነው፤ እሱ በሚኖርበት ከተማ ያሉ ሰዎች። አዳማ ውስጥ የእኛን አገር ሰዎች የሚያሰባስብ ማኅበር ነበር፤ ጓደኛዬ በየወሩ የሚቀመጥበት፣ ተራው ሲደርስ ድግስ የሚደግስበት። ከማኅበርተኞቹ አንድ ሰው፣ ከዚያም የንስሐ አባቱ፣ ሁለቱ ብቻ አነጋገሩት። አላዋረዱትም፣ ለሌላ ሰው አላወሩም። አሁን የሚያፍረው ከእነዚህ ሰዎች ነው፤ በየወሩ ፊታቸውን ያያልና።

ሽማግሌ የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር አስቀድሞ ይወስን። አንደኛ፣ ሽማግሌ የመቀነስ ልማድ አለው። «አንተም ተው፣ አንተም ጨምር» ብሎ ማስታረቅ ነው ሥራው። ከ60,000ው እስከ ስንት ድረስ መተው እንደሚችል ሰው በልቡ ሳይቆርጥ ከተቀመጠ፣ ተገፍቶ ይስማማና በኋላ ይቆጫል። እኔ ወለድም ካሳም እንደማልጠይቅ፣ ከዋናው ግን አንድ ብር እንደማልተው ተናግሬ ነው የላክሁት። ሁለተኛ፣ ስምምነቱ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት የእርቅ ስምምነት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ኃይል አለው። ሳይጻፍ በምርቃት ብቻ ያለቀ እርቅ ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል፤ ምርቃት ችሎት ላይ አይቀርብም።

ዋስ

ይህን ለብቻው የማነሳው ብዙ ሰው ስለማያስበው ነው። ተበዳሪው ሌላ ክልል ቢኖርም ወንድሙ፣ የአክስቱ ልጅ ወይም የድሮ የሥራ ባልደረባው እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም አረርቲ ሊኖር ይችላል። ጊዜ የሚጠይቅ ተበዳሪ ጊዜውን የሚያገኘው ዋስ ካቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ይህ የርቀቱን ችግር ከሥሩ ይነቅላል፤ ነገ ክስ ቢመጣ ተከሳሹ ጎረቤት ነው።

ዋስትና ግን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዋሱ እስከ ስንት ብር ድረስ ኃላፊ እንደሚሆንም በአኃዝ መጠቀስ አለበት። «እኔ አለሁለት» የሚለው ቃል ዋስትና አይደለም። ተራ ዋስ «መጀመሪያ ባለዕዳውን ጠይቁት፣ ንብረቱንም እዩ» ብሎ መከራከር ይችላል፤ «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ነኝ ብሎ የፈረመውን ግን በቀጥታ መጠየቅ ይቻላል። ልዩነቱ ሁለት ቃል ነው፤ ውጤቱ ግን አዳማ ድረስ በመሄድና ባለመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። በፈቃዱ የሚገባ፣ ምን እንደሚፈርም የገባው ሰው ሲገኝ ነው እንጂ እንደ እኔ አባባን ማስጨነቅ አይደለም።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

በሽምግልናና በክስ መካከል ያለ ርካሽ መንገድ ነው። ጠበቃ ይጽፈዋል፣ በአደራ ደብዳቤ ወይም መድረሱ በሚረጋገጥበት ሌላ መንገድ ይላካል። ዕዳው፣ የመክፈያው ቀነ ገደብና ካልተከፈለ ክስ እንደሚቀርብ ይገልጻል። ጥቅሙ ማስፈራራቱ ብቻ አይደለም። ማስጠንቀቂያ የደረሰው ባለዕዳ እንደዘገየ ይቆጠራል፤ ውሉ ወለድ ባይኖረውም ከዚያ ጀምሮ ሕጋዊው የ9 በመቶ ወለድ ይታሰባል። በ60,000 ብር ላይ በዓመት 5,400 ብር፣ በሦስት ዓመት 16,200 ብር ማለት ነው። «የለኝም» ላለው ሰው ይህን ደብዳቤ መላክ ጭካኔ ነው፤ «አልሰጥም» ላለው ግን ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ክስ፦ የትኛው ፍርድ ቤት?

ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በመሠረቱ ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ወይም በሚሠራበት ቦታ እንዲቀርብ ያዛል። ነገር ግን አንቀጽ 24 በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ እንደሚችል ይፈቅዳል። «ክፍያው የሚፈጸመው ደብረ ብርሃን ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ይህ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ አዳማ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል። በየቀጠሮው ይህን መንገድ መመላለስና መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነበት ሰሞን ቀጠሮ ማሳለፍ፣ እያንዳንዱ ከብሩ ላይ የሚቀነስ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የደረጃ ነው። በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሳ የፍትሐ ብሔር ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የእሱን ሥልጣን ደርቦ የሚሠራው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ትንሽ ነው ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት መሄድ ሥልጣን የለኝም ተብሎ መመለስን ያመጣል። የሚኬደው ደብረ ብርሃን ወዳለው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

በዚህ ላይ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አንድ ጣጣ አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ዞኖች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በአማራ ክልል፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን፤ ሁለተኛው በኦሮሚያ ክልል፣ መቀመጫው ፍቼ። መርሐቤቴ ያለ ሰው ፍቼ ላለ ጓደኛው ቢያበድር ሁለቱም «ሰሜን ሸዋ ነኝ» ይላሉ፤ በሕግ ፊት ግን የተለያየ ክልል ነዋሪዎች ናቸው። አድራሻ ላይ «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ጽፎ ማለፍ መጥሪያውን የተሳሳተ አገር ሊልከው ይችላል።

ወረቀት ለያዘ ሰው ጥሩ ዜናው ሥነ ሥርዓቱ አጭር መንገድ ያለው መሆኑ ነው። ከአንቀጽ 284 ጀምሮ እንደተደነገገው፣ መጠኑ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ ሲሆን ከሳሹ በቃለ መሐላ አስደግፎ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተከሳሹ እንደ ልቡ መልስ እየሰጠ ቀጠሮ አያስረዝምም፤ መጀመሪያ ለመከላከል የሚያበቃ ምክንያት እንዳለው በቃለ መሐላ አስረድቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ካላገኘ ይፈረድበታል። ከጠበቃ ጋር ሲነጋገሩ ይህን ማንሳት ተገቢ ነው፤ ተራ ክስ አርቅቆ የሚሰጥ ጸሐፊ ሁሉ አያስበውም።

እንቅፋቱ መጥሪያ ነው። ስልኩን የዘጋ ሰው መጥሪያም ይሸሻል። ቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ከሁሉ በላይ የሚሠራበትን ቦታ ሳያውቁ ክስ መክፈት የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ መዝገብ ማስተኛት ነው። መጥሪያው በአግባቡ ደርሶት ካልቀረበ ግን ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ሊወሰን ይችላል።

ፍርድ ማግኘትና ገንዘብ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አፈጻጸሙ የሚሄደው ንብረቱ ወዳለበት ነው፤ የደብረ ብርሃኑ ፍርድ አዳማ ላይ እንዲፈጸም ወደዚያ ፍርድ ቤት ሊመራ ይችላል። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ትርጉም ማዘጋጀት ሊያስፈልግ ይችላል። ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ እስከ አንድ ሦስተኛው ሊያዝ ይችላል። መኪና፣ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ ካለው ቀላል ነው። የጓደኛዬ ንብረት ግን በኪራይ ቤት ውስጥ ያለች ጎማ ጥገና ነበረች፤ መሣሪያዎቹን ሸጬ የመተዳደሪያውን ምንጭ ባደርቅ የሚከፍለኝ ከምን ነበር? ያኔ ነው ክሱን የተውኩት።

ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ደግ ነው። የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ መጠን ይወሰናል፤ ከተረታው ወገን ወጪና ኪሳራ መጠየቅ ይቻላል፤ አቅም የሌለው በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ሳይከፍል፣ ክስ እንዲከፍት ማመልከት ይችላል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ለ10,000 ብር ክልል ተሻግሮ መካሰስ ግን፣ ሰውዬው አጠገብ ደመወዝተኛ ካልሆነ በቀር፣ እኔ አልመክርም።

ፖሊስና ቼክ

ብድር አለመክፈል በራሱ ወንጀል አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ የሄደ ሰው «ይህ ፍትሐ ብሔር ነው» ተብሎ ይመለሳል፤ መመለሱም ትክክል ነው። ከመጀመሪያውኑ በሐሰተኛ ሰነድ ወይም በማታለል የተወሰደ ገንዘብ ሲሆን ነው ነገሩ የሚለወጠው። ደረቅ ቼክ፣ ማለትም በሒሳቡ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ፣ መጻፍ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ ስለዚህ አንዳንዱ አበዳሪ የሚያስፈራራበት ባዶ ቼክ አስፈርሞ ይይዛል። በነጋዴዎች መካከል የተለመደ ነው። ሒሳቡ ባዶ መሆኑን እያወቁ ቼክ ከጓደኛ መቀበል ግን ለጓደኛ ወጥመድ መቁፈር ይመስለኛል፤ የሰጪውን ብቻ ሳይሆን የተቀባዩንም ጉዳይ ያወሳስባል።

በዓይነት መቀበል፣ መተው

በገንዘብ ፋንታ ዕቃ የሚያቀርብ ተበዳሪ አለ። ጓደኛዬ አራት ያገለገሉ የጭነት መኪና ጎማዎች ሊሰጠኝ ነበር፤ መኪና የለኝም። ጤፍ ከሚንጃር፣ በግ ከመንዝ የሚያመጣ ተበዳሪ ከሆነ ግን በዕለቱ የገበያ ዋጋ ተስማምቶ፣ «ከዕዳው ይህን ያህል ተቀንሷል» ብሎ ተፈራርሞ መቀበል ከመጠበቅ ይሻላል።

መጠበቅ ዋጋ አለውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፍርድ ቤት የሚፈርደው የብሩን ቁጥር ነው፤ በ2014 ያበደርኩት 60,000 ብር ይገዛው የነበረውን ዕቃ አይፈርድልኝም፤ 9 በመቶውም ያን አይሞላውም። ስለዚህ ዛሬ የሚገኝ 45,000 ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚገኝ 60,000 የሚሻልበት ጊዜ አለ። ሽማግሌ «ተው» ሲል ይህን አስልቶ መልስ መስጠት ነው። ትንሽ ገንዘብ ከሆነ፣ ሰውዬውም በእውነት ወድቆ ከሆነ መተውም ምርጫ ነው፤ ግን ነግሮት ይተው። ሳይነግሩት የተዉት ዕዳ ለተበዳሪው ዕዳ ነው፤ በተገናኙ ቁጥር መንገድ ያስለውጠዋል።

ገንዘቡ መምጣት ሲጀምር

አንቀጽ 2472 የሚሠራው ለአበዳሪ ብቻ አይደለም። ዕዳውን መክፈሉን የሚያስረዳ ተበዳሪም በተመሳሳይ ሁኔታ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለጓደኛዬ መጀመሪያ የነገርኩት «በጥሬ ገንዘብ ለሰው ሰጥተህ እንዳትልክልኝ» ነበር። ሁሉም በባንክ ወይም በቴሌብር፣ ምክንያቱ ተጽፎ። እኔም በየጊዜው «ደርሶኛል፣ ቀሪው ይህን ያህል ነው» ብዬ እመልሳለሁ። ይህ ለእሱ ጥበቃ ነው፣ ለእኔ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍያ ዕዳውን ዳግም ማመን ስለሆነ የይርጋውን ቆጠራ ያድሰዋል። የዕዳ ማመኛውን ዋና ቅጂ የመጨረሻዋ ብር ሳትገባ መመለስ የለበትም፤ ሰነዱ ተበዳሪው እጅ ከተገኘ እንደተከፈለ ሊያስገምት ይችላልና።

ስምምነታችንን የፈረምነው በ2016 ሚያዝያ፣ አዳማ፣ ማኅበርተኛው ቤት ነው። በወር 2,500 ብር፣ 24 ወር። ሁለት ጊዜ ዘግይቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ ደውሎ ነገረኝ። ለአባቱ በግ እንዳይሸጡ እሱ ራሱ ሄዶ ነግሯቸዋል፤ እኔ ግን መንዝ ለመሄድ እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም። ባለፈው ወር የገባው ክፍያ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «የብድር መክፈያ፣ 19ኛ» ይላል። «ደርሶኛል፣ ቀሪው 12,500 ነው» ብዬ መለስኩለት።